ሰይፉና ማረሻው ከአንድ ብረት፦ ስለ ኑክሌር ኃይልና መሣሪያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሀገራችን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ከሩሲያ ጋር የኑክሌር ማመንጫ ለማቋቋም የድርጊት መርሐ ግብር ከፈረመች ወዲህ «ይህ ያው ቦምቡ አይደለምን?» የሚሉ ምእመናን አጋጥመውናል።

የሁለቱም መነሻ ዩራኒየም ነው። ለመብራት ዩራኒየም-235 የተባለው ክፍል በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 በመቶ እንዲደርስ ይበለጽጋል፤ ለመሣሪያ ግን 90 በመቶ ገደማ ያስፈልጋል። ስለዚህ ማመንጫው እንደ አቶሚክ ቦምብ አይፈነዳም፤ ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1986 በቸርኖቤል እንደሆነው ጨረር ሊበትን ይችላል። የማበልጸጊያው ጥበብም አንድ ነው፤ ሰይፍና ማረሻ በአንድ አንጥረኛ እጅ እንደሚወጡ ማለት ነው።

በሩሲያ የሳሮቭ ገዳም በ1920ዎቹ በኮሚኒስቶች ተዘጋ። እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ ስፍራው የሶቪየት አቶሚክ ቦምብ የሚነደፍበት ምስጢራዊ ከተማ ሆነ፤ ስሙም ከካርታ ጠፋ። መነኮሳት ለዓለም ሁሉ ይጸልዩበት በነበረው ቦታ!

እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በሩሲያ ቤተ ክርስቲያን (በቁርባን አንድ ባንሆንም) የወጣ ረቂቅ ሰነድ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያዎች ቡራኬ እንዲቀር ሐሳብ አቀረበ፤ ክርክርም አስነሣ። እኛ ለወታደሩ መጸለይና ቦምቡን መባረክ አንድ ነው ብለን አናምንም። ወታደሩ ንስሐ ሊገባ ይችላል፤ ቦምቡ ግን ሕፃኑን ከተዋጊው አይለይም።

ኢትዮጵያ አፍሪካን ከኑክሌር መሣሪያ ነፃ የሚያደርገውን የፔሊንዳባ ስምምነት አጽድቃለች። ስለ ማመንጫው ልንጠይቅ የሚገባን፣ ለሺህ ዓመታት የሚቆየው ዝቃጭ በማን ምድር እንደሚቀበር ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር