የአንደኛ ክፍል መምህር ዲግሪ

ክረምት በገባ ቁጥር፣ መደበኛው ተማሪ ሻንጣውን አንሥቶ ከግቢ ሲወጣ፣ በእርሱ ፈንታ ዶርሙን የሚሞሉት ከየወረዳው የመጡ፣ ብዙዎቹ ትዳርና ልጆች ያሏቸው፣ ሰኔ ላይ የተማሪዎቻቸውን ውጤት በሮስተር አጠናቅረው፣ ካርድ ሰጥተው፣ ጠመኔውን ለጊዜው ያስቀመጡ የአንደኛ ደረጃ መምህራን ናቸው፤ እነዚህም ሐምሌንና ነሐሴን እኛ ዘንድ ተቀምጠው፣ በመስከረም ወደ ትምህርት ቤታቸው እየተመለሱ፣ ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ ለመድረስ ብዙ ክረምት ይደክማሉ። እኔ የማስተምራቸው የሥነ ትምህርትና የሕፃናት ሥነ ልቡና ኮርሶችን ሲሆን፣ በበጋ ደግሞ በልምምድ ላይ ያሉ ዕጩ መምህራንን ለመገምገም በየትምህርት ቤቱ እየዞርሁ ከክፍሉ የኋላ ወንበር እቀመጣለሁ። ሁለቱን ሥራ አጣምሬ በመያዜ ያስተዋልሁት ነገር ቢኖር፣ ለትምህርት ጥራት ሲባል የተዘረጋው ይህ የዲግሪ ጥናት፣ በአሁኑ አካሄዱ፣ የአንደኛ ክፍልን መምህር ከአንደኛ ክፍል ማውጫ ሆኖ መኖሩን ነው።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያለውን ትምህርት፣ አማርኛውንም ሒሳቡንም የአካባቢ ሳይንሱንም ብቻውን ይዞ ሲያስተምር የኖረ መምህር ለዲግሪ ሲመዘገብ፣ በብዛት የሚከፈትለት በር ባዮሎጂ ወይም ጂኦግራፊ ወይም ታሪክ ነውና፣ ክረምቱን ስለ ሕዋስ አከፋፈልና ስለ ምድር ቅርፊት እንቅስቃሴ ሲማር ይከርማል፤ ስለ ሰባት ዓመት ልጅ የሚማረው እኔና ጥቂት ባልደረቦቼ የምንሰጣቸውን ኮርሶች ያህል ብቻ ነው። በተመረቀም ጊዜ ማስረጃው በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ከግል ማኅደሩ ጋር ይያያዝና፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ መምህር ጎድሎት እንደ ሆነ ወደዚያ ይዛወራል፤ ባይዛወርም እንኳ እዚያው ባለበት ወደ 7ኛና 8ኛ ክፍል ከፍ ይደረጋል። ርእሰ መምህሩም አይፈረድበትም፤ የትምህርት ቤቱ ስም በወላጅ አፍ የሚነሣውና የሚወድቀው በስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤት ስለ ሆነ፣ የተሻለውን ሰው ወደዚያ ማሰለፉ ከማንኛውም አስተዳዳሪ የሚጠበቅ ነው። እንዲህ እየሆነ አንደኛ ክፍል ለአዲስ ተቀጣሪ፣ ወይም ጡረታው ለተቃረበ፣ አንዳንዴም (እውነቱን ለመናገር) ከርእሰ መምህሩ ጋር ለተጣላ ሰው ይተርፋል።

ባለፈው በጋ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት፣ አንድ ዕጩ መምህር የ«ለ»ን ዘር ሲያስተምር ተመለከትሁ። ዕቅዱ ንጹሕ ነበረ፤ ዓላማው፣ መርጃ መሣሪያው፣ የደቂቃው ድልድል ሁሉ በየሠንጠረዡ ተሞልቶ ነበር። ልጆቹም ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ እያሉ በዜማ ሲመልሱ ክፍሉ ይናወጥ ስለ ነበረ፣ በደጅ የሚያልፍ ሰው ቢሰማ ሁሉም አንባቢ ሆነዋል ብሎ ይመሰክር ነበር። ደወል ተደውሎ ክፍሉ ለዕረፍት ሲወጣ፣ አጠገቤ የነበረውን ልጅ አስቀርቼ መጽሐፉን አስገለጥሁትና ጣቴን «ሌ» ላይ አኖርሁ። ልጁ ዝም አለ፤ ከዚያም ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ ከ«ለ» ተነሥቶ፣ በየፊደሉ አንዳንድ ጣት እያጠፈ፣ አምስተኛው ጣት ላይ ሲደርስ «ሌ!» አለኝ። «ላም» የሚለውን ቃል ባሳየው ደግሞ ከጎኑ ያለውን ሥዕል ተመልክቶ «በሬ» አለ፤ ሥዕሉ በርግጥ ትልልቅ ቀንድ ነበረው። ዕጩ መምህሩን በኋላ ጠርቼ ክፍለ ጊዜው እንዴት እንደ ነበረ ብጠይቀው፣ «የተማሪዎቹ ተሳትፎ በጣም ጥሩ ነበር» ሲል መለሰልኝ፤ ዐይኑ ያየውን፣ ጆሮውም የሰማውን ነው የተናገረው፤ ልጁ የያዘው ዜማውን እንጂ ፊደሉን አለመሆኑን እንዲለይ የሚያደርግ ትምህርት ግን ከእኛ አላገኘም።

ይህ የልጁ ችግር ለአባቶች እንግዳ አልነበረም። በአብነት ትምህርት ሕፃኑ ሀ ሁን በስንደዶ እየጠቆመ ከቆጠረ በኋላ በቀጥታ ወደ ንባብ አይሻገርም፤ አቡጊዳ ይጠብቀዋል፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እየተባለ ፊደሉ ከለመደው ተራ ወጥቶ ሲሰደርበት፣ በቃሉ የያዘው ዜማ አልረዳ ስለሚለው፣ ወዶም ሆነ ሳይወድ የእያንዳንዱን ፊደል መልክ ለማየት ይገደዳል። መልእክተ ዮሐንስንና ወንጌሉን ይዞ፣ ኋላም ወደ ዳዊት የሚደርሰው ይህን ካለፈ በኋላ ነው። እኛ በዩኒቨርሲቲ የማስተማር ዘዴ ብለን ከምንሰጠው ብዙ ነገር መካከል፣ ይህን የሚያህል ጥበብ ያለው መልመጃ ከየኔታ ዘንድ መገኘቱን የሚያነሣ ኮርስ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ሆኖም የኔታን ከልክ በላይ ማመስገን ደግሞ ሐሰት ይሆናል፤ አለንጋው ነበረ፤ ትርጉሙ ሳይገባው የግእዙን ዳዊት የሚወጣም ደቀ መዝሙር ነበረ። ከዚህም ሌላ፣ ለመጀመሪያው አስተማሪ ያለን ንቀት ከአስኳላ ጋር የመጣ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከዚያም ወደ መጻሕፍት ቤት የሚወጣው መዓርግ፣ የቅኔውን መምህርና የመጻሕፍቱን ሊቅ በጉባኤ ከፍ አድርጎ ሲያስቀምጥ፣ ሕፃናቱን ከዛፍ ሥር ሰብስቦ ፊደል የሚያስቆጥረውን መምህር ከሁሉ በታች ያስቀመጠው ጥንቱንም ነው።

ከክረምት ተማሪዎቼ አንዲቱ፣ ሙሉ የሥራ ዘመኗን ያሳለፈችው በአንደኛ ክፍል ሲሆን፣ ለልምምድ ግምገማ ወደ ከተማዋ በሄድሁ ጊዜ ክፍሏን ገብቼ ለማየት ፈቀደችልኝ። የፓስታ ካርቶን ቆርጣ በማርከር የጻፈቻቸው ፊደሎች በፌስታል ሞልተው በጠረጴዛዋ ላይ ነበሩ። «ሌ»ን ስታስተምር ከ«ለ» አልተነሣችም፤ «ሌ»ን፣ «ቤ»ን፣ «ቴ»ን፣ «ኬ»ን ጎን ለጎን ዘርግታ፣ እነዚህ አራቱ እግራቸው ላይ ምን እንዳላቸው ልጆቹን ጠየቀች፤ አንዲት ትንሽ ልጅም ተነሥታ «ቀለበት» አለች። ከዚያ በኋላ ቀለበቱን ወደ ቀጥታ ጭረት ብትለውጠው ድምፁ ምን እንደሚሆን፣ «ሊ» እና «ቢ» እና «ቲ» እየወጡ ልጆቹ ራሳቸው ደረሱበት። በዕረፍት ሰዓት ስንጨዋወት፣ «መምህር፣ ሣልስና ኃምስ ብዙ አያስቸግሩኝም፤ ካዕብም ከነ ሩና ፉ በቀር ይታዘዛል፤ ያቃተኝ ሳድስ ነው፤ መልኩም አንድ አይደለ፣ ድምፁም አንድ አይደለ» አለችኝ። በእውነትም «ልብስ» በሚለው ቃል ሦስቱም ፊደሎች ሳድስ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ድምፅ ሰጥቶ የቀሩት ሁለቱ ያለ አናባቢ ይነበባሉ፤ ይህንን ልጁ ከፊደሉ መልክ ሊያውቀው የሚችልበት መንገድ የለም፤ ከቋንቋው ነው የሚያውቀው። መጥበቅና መላላትም እንዲሁ በጽሕፈታችን ስለማይታይ፣ «አለ» የሚለውን ቃል ያየ ልጅ ሰውዬው ተናግሯል ወይስ በቤቱ ይገኛል የሚለውን ከዐረፍተ ነገሩ ፈልጎ ማግኘት አለበት። አንድ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሁሉ ለይቶ አውቆ፣ ለሰባት ዓመት ልጅ በቅደም ተከተል ሊያደርስ ቢፈልግ፣ የብዙ ክረምት ጥናት ይበዛበታልን? እኔ እንዲያውም ያንሰዋል እላለሁ። ይህች መምህርት ግን ለዲግሪዋ የተመዘገበችው በጂኦግራፊ ነው።

በእኔው ኮርስ የተፈጠረውንም ነገር መተው አይገባኝም። ለስዊዙ ሊቅ ለዣን ፒያዤ የሕፃናት አስተሳሰብ ጥናት ሰፊ ቦታ እንሰጣለን፤ ይኸውም ሕፃን እስከ ተወሰነ ዕድሜው ድረስ፣ እኩል የሆኑ ሁለት የጠጠር ረድፎች ቀርበውለት አንዱ ረድፍ ራቅ ራቅ ተደርጎ ቢዘረጋ፣ ምንም ሳይጨመርበት «ይኸኛው ይበልጣል» እንደሚል የሚያስረዳው ነው። ትምህርቱም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። ያቺው መምህርት በዚህ ጥያቄ ላይ የጻፈችው መልስ፣ ከማስታወሻዋ በቃል የተሸመደደ፣ ግሡ ከባለቤቱ የተለያየ፣ መካከሉ ላይ የተቋረጠ ነበረ፤ የሚገባውንም ጥቂት ማርክ ሰጠሁት። ወረቀቱን ስመልስላት ግን ነገሩን በአማርኛ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። እርስዋም ወዲያው፣ በመደመር ትምህርት ጊዜ ልጆቿ የባሕር ዛፍ ፍሬ ሲቆጥሩ፣ ፍሬውን በዴስኩ ላይ የበተነ ልጅ ከሰበሰበው ይልቅ «የእኔ በዛ» እያለ ስለሚከራከር፣ አስቀድማ ሁሉንም በመስመር እንዲደረድሩ እንደምታደርግ፣ እንዲያም ሆኖ ከጥር በፊት ብዙዎቹ እንደማይገባቸው፣ ከገባቸውም በኋላ ልጆቹ ራሳቸው በትላንት ክርክራቸው እንደሚስቁ ነገረችኝ። የነገረችኝ ነገር በወረቀቱ ላይ ቢጻፍ ኖሮ ሙሉ ማርክ ያሰጥ ነበር። በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲያስተምሩ ለምንልካቸው ሰዎች፣ ስለ ማስተማር የሚያውቁትን በሌላ ቋንቋ ካልነገሩን አናምናችሁም ማለታችን፣ ሲያስቡት የሚያስገርም ነው።

በጠቅላላው ሲታይ የመምህሩ የትምህርት ደረጃ ከፍ እያለ መምጣቱን አልክድም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ትምህርት ቤታቸውን ሲከፍቱ አስተማሪዎቹን ከግብፅ ነበር ያስመጡት፤ ከጣልያን ወረራ በኋላ የራሳችን መምህራን ማሠልጠኛዎች በሐረርና በደብረ ብርሃን፣ በሌሎችም ከተሞች ተቋቋሙ፤ በደርግ ዘመን የመምህር እጥረት ሲበረታ አሥራ ሁለተኛን የጨረሱ ወጣቶች ድጎማ ተብለው በአጭር ሥልጠና ክፍል ገቡ፤ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃውን በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሆን ካደረገ በኋላ፣ የአንድ ዓመቱ ሰርተፍኬት ቀስ በቀስ ለሦስት ዓመቱ ዲፕሎማ ቦታውን ለቀቀ። አሁን ደግሞ፣ አንደኛ ደረጃው ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል እንዲሆን ከተወሰነ ወዲህ፣ ለዚህ ደረጃም ዲግሪ ያስፈልጋል የሚለው አሳብ እየገፋ ነው። አሳቡን እደግፈዋለሁ። ዲግሪው ግን ስሙ ብቻ ሳይሆን ይዘቱም የአንደኛ ደረጃ መሆን አለበት፤ ደመወዙም ባለ ዲግሪው አንደኛ ክፍል ቢቀር የማይቀንስበት፣ የደረጃ ዕድገቱም ከሕፃናቱ ሳይለይ የሚያገኘው መሆን አለበት፤ ካልሆነ ግን ማንንም በትሩፋት ብቻ እዚያ ልናስቀምጥ አንችልም።

እስከዚያው በእጄ ያለው የራሴ ኮርስ ነውና፣ ከዚህ ክረምት ጀምሮ አንድ ነገር ለወጥሁ። ፒያዤንም፣ ሌላውን የሥነ ልቡና ሊቅ ቪጎትስኪንም ከማንሣቴ በፊት፣ እያንዳንዱ ተማሪ ማንበብ ስላቃተው ስለ አንድ ልጅ፣ ልጁ ምን አይቶ ምን እንዳለ፣ መምህሩም ምን ሞክሮ ምን እንደ ሆነ፣ በሚያስተምርበት ቋንቋ ጽፎ እንዲያመጣ አዘዝሁ፤ ከውጤቱም ሲሶው ለዚህ ጽሑፍ ተመደበ። የመጣልኝ ጽሑፍ ስለ ብዙ ነገር ያስተማረኝ ሲሆን፣ በተለይ ዐይኑ ደክሞ ሰሌዳውን ስለማያይ ለሁለት ዓመት እንደ ሰነፍ ተቆጥሮ ስለ ኖረ ልጅ የተጻፈው፣ ለትምህርት ክፍላችን ስብሰባ እንዲነበብ አድርጌአለሁ።

በስብሰባው አንድ የማከብረው ባልደረባዬ ተቃወመኝ። «እነዚህ ሰዎች ነገ ለሁለተኛ ዲግሪ ሲወዳደሩ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ አንተ ዛሬ በአማርኛ እያጻፍህ የምታዝንላቸው መስሎህ መንገድ እየዘጋህባቸው ነው» አለ። ቃሉ ቀላል አይደለም፤ ከተማሪዎቼም ሁለቱ በግል መጥተው ይህንኑ ነግረውኛል፤ እንዲያውም አንዱ፣ የመጣው ዲግሪውን ይዞ ከአንደኛ ደረጃ ለመውጣት መሆኑን፣ እኔ ግን መልሼ ወደዚያው እያስገባሁት መሆኑን ሳይደብቅ ገልጾልኛል። እንግሊዝኛውን እንደማላስቀር፣ የኋለኛው የፈተና ክፍል እንደ ቀድሞው እንደሚሆን ለሁሉም ተናገርሁ። ለተማሪው ግን የጨመርሁለት መልስ አልነበረኝም፤ የደመወዙን ስኬል የማወጣው እኔ አይደለሁምና፣ ስለ ልጁ የጻፈውን ጽሑፍ ጨርሶ እንዲያመጣ ብቻ ቀኑን በሦስት ቀን አራዘምሁለት።