ሳይታዘዝ የሚጽፍ ቺፕ

ኤቲ28ሲ256 የተባለውን ሚሞሪ ቺፕ አርዱዊኖ ኡኖ ከተባለው የማይክሮኮንትሮለር ሰሌዳ ጋር ያገናኘ ጀማሪ ዳታውን ይጽፋል፤ መልሶ ሲያነበው ሁሉም ልክ ነው። ገመዱን ነቅሎ እንደገና ሰክቶ ሲያነብ ግን ሦስት አራት ባይቶች ተለውጠው ይጠብቁታል። ኮዱን ከላይ እስከ ታች ቢመረምር ስሕተት የለውም። "በቃ ቺፑ ሞቷል" ብሎ ያስቀምጠዋል። አብዛኛውን ጊዜ ቺፑ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ሽቦው ነው።

ይህ ቺፕ 28 እግሮች አሉት፤ 32,768 ባይት ይይዛል፤ ኃይል ቢቋረጥም የያዘውን አይረሳም። 15ቱ እግሮች አድራሻ፣ 8ቱ ዳታ፣ 3ቱ ትእዛዝ፣ የቀሩት ሁለቱ ኃይልና ግራውንድ ናቸው። ከትእዛዝ እግሮቹ ልብ ሊባል የሚገባው "ራይት ኢኔብል" የሚባለው ነው። 5 ቮልት ላይ ሳለ መጻፍ ክልክል ነው፤ ወደ ዜሮ ሲወርድ "ጻፍ" ማለት ነው። ለዚህም 100 ናኖሴኮንድ፣ ማለትም የሰከንድ አንድ አሥር ሚሊዮንኛ፣ ይበቃዋል።

ሠሪዎቹ አደጋውን ያውቁታል። ከ15 ናኖሴኮንድ ያነሰ ዝቅታን ቺፑ እንዲንቅ፣ ኃይሉ ከ3.8 ቮልት በታች ሲሆን እንዳይጽፍ፣ ከዚያ ካለፈም በኋላ 5 ሚሊሴኮንድ ያህል እንዲታገሥ አድርገውታል። ጥሩ ጥበቃ ነው፤ ለአርዱዊኖ ግን አይበቃም። አርዱዊኖ ሲነሳ የእናንተን ኮድ ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰከንድ ያህል ይቆያል። በዚያ ጊዜ እግሮቹ ከሞላ ጎደል ሁሉ ክፍት ናቸው፤ የራይት ኢኔብልን ሽቦ ከፍም ዝቅም አድርጎ የሚይዘው የለም። ማንም ያልያዘው ሽቦ ደግሞ እንደ አንቴና ነው፤ የአጠገቡን ሽቦ፣ የክፍሉን መብራት፣ የእጃችሁን ጣት ሳይቀር ይሰማል። በኮምፒውተሩ ላይ ሲሪያል ሞኒተሩን መክፈት ብቻ አርዱዊኖውን እንደገና ያስነሳዋል። ስለዚህ "ላንብበው" ብሎ መክፈቱ ራሱ ዳታውን ሊያበላሽ ይችላል።

መድኃኒቱ አንድ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ነው፤ ከራይት ኢኔብል ወደ 5 ቮልት ይታሰራል። አርዱዊኖ ዝም ባለበት ሰዓት እግሩን ከፍ አድርጎ ይይዘዋል።

ሁለተኛው ጥፋት ግራውንድ ላይ ነው፤ በዚህ ብዙ ሰው ይታለላል። ስምንቱ የዳታ መስመሮች ባንድ ጊዜ ከ1 ወደ 0 ሲወርዱ የሁሉም ጅረት በግራውንድ ሽቦ ይመለሳል። ሽቦው ረጅምና ቀጭን ከሆነ ለቅጽበት ግራውንዱ ራሱ ከዜሮ ከፍ ይላል፤ ያኔ ቺፑና አርዱዊኖው "ዜሮ" የሚሉት አንድ አይሆንም። 255 (ስምንቱም 1) ከዚያም 0 (ስምንቱም 0) ሲከታተሉ ብቻ የሚሳሳት ከሆነ እዚህ ፈልጉት። ከቺፑ ኃይል እግር እስከ ግራውንድ እግሩ 0.1 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር፣ እግሮቹ አጥረው፣ ይግባ። የግራውንድ ሽቦውም አጭር ይሁን፤ ሁለት ቢሆኑ ደግሞ የተሻለ ነው።

ብዙዎች ኮዱ ውስጥ መዘግየት በመጨመር ኖይዝን፣ ማለትም እንዲህ ያለውን የሲግናል ረብሻ፣ ሊያጠፉ ይሞክራሉ። አይጠፋም። ሲግናሉ ከ0 ወደ 1 የሚዘልበትን ፍጥነት የሚወስነው በላኪው ቺፕ ውስጥ ያለው ትራንዚስተር እንጂ ፕሮግራሙ አይደለም። ከእያንዳንዱ ጽሑፍ በኋላ 10 ሚሊሴኮንድ ጠብቃችሁ ከተስተካከለ ችግሩ ቀድሞውንም ኖይዝ አልነበረም፤ ቺፑ ሳይጨርስ መቸኮል ነበር።

ስሕተቱ በንባብ ይሁን በጽሑፍ ለመለየት ምንም ሳትጽፉ ያንኑ ቺፕ አሥር ጊዜ አንብቡ። ውጤቱ በየጊዜው ከተለዋወጠ ንባቡ ነው የተረበሸው፤ ቺፑ ውስጥ ያለው ዳታ ደህና ሊሆን ይችላል። አሥሩም ጊዜ ያው ስሕተት ከመጣ ግን በተሳሳተ መንገድ ተጽፏል።

ሥራው ሲያልቅ ቺፑን መቆለፍም ይቻላል። 170፣ 85 እና 160 የተባሉት ባይቶች በተወሰኑ አድራሻዎች በተከታታይ ከተጻፉ በኋላ ያንን ቅደም ተከተል ያላስቀደመ ጽሑፍ አይቀበልም። የባዘነ ሲግናል ይህን በአጋጣሚ መድገም አይሆንለትም።

ሠሪው ቺፑን ቢያንስ 10,000 ጊዜ መጻፍና ዳታውን ለ10 ዓመት መያዝ እንደሚችል ይገልጻል። በሦስተኛው ቀን "ሞተ" ብላችሁ መሳቢያ ውስጥ የጣላችሁት ካለ አውጡትና በሬዚስተሩና በካፓሲተሩ እንደገና ሞክሩት።