ኪውሬተር፦ ጠባቂ፣ ዐቃቢ ወይስ ባለአደራ?

ሙዝየም የጎበኘ ሰው በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያየውን አጥንት፣ ወፍ ወይም የሸክላ ዕቃ ያስታውሳል። ያ ናሙና ከየት እንደ መጣ መዝግቦ፣ ከነፍሳትና ከእርጥበት ጠብቆ፣ ምንነቱን አጥንቶ ለዕይታ ያበቃውን ባለሙያ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ይህ ባለሙያ በእንግሊዝኛ «ኪውሬተር» ይባላል። በአገራችን ቃሉ እንዳለ ሲሠራበት ይታያል፤ አንዳንዶች «ጠባቂ»፣ ሌሎች «የስብስብ ኃላፊ» ይሉታል። ለመሆኑ የቃሉ ትርጉም ምንድን ነው? ሥራውን በትክክል የሚገልጸውስ የትኛው ስያሜ ነው? (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቃሉ አመጣጥ

ቃሉ የተገኘው «ኩራ» ከሚለው የላቲን ቃል ሲሆን፣ ትርጉሙም ማሰብ፣ መጨነቅ፣ መንከባከብ ማለት ነው። በጥንታዊት ሮም ሕግ «ኩራቶር» ይባል የነበረው፣ ዕድሜው ገና በመሆኑ ወይም በአእምሮ ሕመም ምክንያት ንብረቱን ማስተዳደር ለማይችል ሰው የሚቆም አስተዳዳሪ ነበር። አንዳንድ የመንግሥት ሹማምንትም በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር፤ ለምሳሌ ፍሮንቲኑስ በ97 ዓ.ም. የሮም ከተማ የውሃ ኩራቶር ሆኖ ተሹሟል። እነዚህን ሰዎች አንድ የሚያደርጋቸው፣ የሚንከባከቡት ነገር የራሳቸው አለመሆኑ ነው።

ወደ ሳይንሱ ዓለም ስንመጣ፣ የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በ1662 ሮበርት ሁክን «የሙከራዎች ኪውሬተር» አድርጎ ሾመው። ተግባሩም በማኅበሩ ስብሰባዎች ላይ ሙከራዎችን አዘጋጅቶ ማሳየት ነበር። ቃሉ ከሙዝየም ስብስብ ጋር ይበልጥ የተቆራኘው ከዚያ በኋላ ነው።

ስያሜው ከአገር አገር ይለያያል። በ1753 የተቋቋመው ብሪቲሽ ሙዝየም ለክፍል ኃላፊዎቹ ሲጠቀምበት የኖረው «ኪፐር» በሚለው ቃል ነው፤ ቀጥተኛ ትርጉሙም ጠባቂ ማለት ነው። ፈረንሳዮች ይህን ባለሙያ «ኮንሴርቫተር» ይሉታል። ይሁንና ተመሳሳይ ድምፅ ያለው የእንግሊዝኛው «ኮንሰርቬተር» ሌላ ሰው ነው፤ እርሱ የተጎዳን ዕቃ በኬሚካልና በእጅ ጥበብ የሚያክም ባለሙያ ነው። በሁለቱ ቋንቋዎች የተጻፉ መጻሕፍትን የሚያነብ ተማሪ ይህን ልዩነት ልብ ሊለው ይገባል።

ሥራው ምንድን ነው?

የኪውሬተር የመጀመሪያው ተግባር መመዝገብ ነው። በ1974 በሐዳር የተገኘችው ሉሲ (ድንቅነሽ) በሳይንሱ መዝገብ የምትታወቀው «ኤ.ኤል. 288-1» በሚል መለያ ነው። «ኤ.ኤል.» በአፋር የተገኘበትን ሥፍራ፣ 288 የሥፍራውን ቁጥር፣ 1 ደግሞ በዚያ ሥፍራ የተመዘገበውን ናሙና ያመለክታል። አጥንቶቹ ከየትኛው የአፈር ንጣፍ እንደ ተገኙ ባይታወቅ ኖሮ፣ ዕድሜያቸው ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት እንደሚደርስ ማወቅ አይቻልም ነበር። የተገኘበት ቦታና ቀን ያልተጻፈበት ናሙና፣ ምንም ቢያምር፣ ለሳይንስ የሚሰጠው ጥቅም እጅግ አነስተኛ ነው።

ሁለተኛው ተግባር ማቆየት ነው። ብርሃን ቀለምን ያደበዝዛል፤ እርጥበት ሻጋታን ያመጣል፤ ጥቃቅን ነፍሳት የደረቀ ዕፅንና የወፍ ላባን ይበላሉ። እነዚህ ጠላቶች በቁልፍና በዘበኛ አይመከቱም፤ ዕውቀትና የማያቋርጥ ክትትል ይጠይቃሉ።

ሦስተኛው ተግባር ማጥናትና ለሌሎች ተመራማሪዎች በር መክፈት ነው። የዚህን ጥቅም ለመረዳት አንድ ምሳሌ እንመልከት። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በብሪታንያ የፔሪግሪን ጭልፊት ቁጥር እያሽቆለቆለ ሄደ፤ እንቁላሎቹም በጎጆ ውስጥ ይሰበሩ ነበር። ደረክ ራትክሊፍ የተባለው ሳይንቲስት ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ተጠብቀው የኖሩ የእንቁላል ስብስቦችን መዝኖና ለክቶ፣ ቅርፊቱ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መሳሳቱን በ1967 አሳወቀ። ጊዜው ዲዲቲ የተባለው የተባይ ማጥፊያ በሰፊው መረጨት ከጀመረበት ጊዜ ጋር ይገጥማል፤ ከዚያ በኋላ የተካሄዱ ጥናቶችም ግንኙነቱን አረጋገጡ። እንቁላሎቹን የሰበሰቡት ሰዎች ስለ ዲዲቲ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ጥያቄው ከመጠየቁ አስቀድሞ ግን መልሱ በመሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ተጠብቆ የቆየ ናሙና ስሕተትንም ያጋልጣል። በ1912 በእንግሊዝ የጥንት ሰው ቅሪት ተብሎ የቀረበው የፒልትዳውን ራስ ቅል፣ በ1953 እንደገና ሲመረመር የዘመናችን ሰው የራስ ቅልና የኦራንጉታን መንጋጋ ተገጣጥመው የተሠሩ ማታለያ ሆኖ ተገኘ። አጥንቱ በሙዝየም ባይቆይ ኖሮ፣ ውሸቱ በመጽሐፍ ውስጥ እንደ እውነት ይኖር ነበር።

በአንጻሩ ስብስብ ሲጠፋ የሚጠፋው ገና ያልተጠየቀው ጥያቄ መልስ ጭምር ነው። በሪዮ ዲ ጃኔሮ የሚገኘው የብራዚል ብሔራዊ ሙዝየም በመስከረም 2018 በእሳት ሲቃጠል፣ ወደ 20 ሚሊዮን ከሚጠጉት ንብረቶቹ አብዛኞቹ ጠፍተዋል።

በአማርኛ ምን እንበለው?

«ጠባቂ» የሚለው ቃል ዘበኛን ያስታውሳል፤ ሰሚው የሚያስበው ስለ በርና ስለ ቁልፍ ብቻ ነው። «ኃላፊ» ሥልጣንን እንጂ ሙያን አይነግረንም። ከግእዙ «ዐቀበ» የተገኘው «ዐቃቢ» የተሻለ ክብደት አለው። «ዐቃቤ ሕግ» እና «ዐቃቤ ንዋይ» በሚሉት ስያሜዎች እንደምናየው፣ ዐቃቢ በሹመት የተሰጠውን ነገር የሚጠብቅ ሰው ነው። ሥራውም ቢሆን ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን ቄሰ ገበዙ ንዋያተ ቅድሳትን፣ በቤተ መንግሥት በጅሮንዱ የግምጃ ቤቱን ንብረት ይጠብቁ ነበር። ይሁን እንጂ ማጥናትና ለምርምር ማቅረብ የሚለው የኪውሬተር ድርሻ በእነዚህ ስሞች ውስጥ ጎልቶ አይታይም።

በቅርብ ዓመታት ቃሉ በውጭው ዓለም ይበልጥ ሰፍቷል፤ ዘፈን፣ ፊልም ወይም የሥዕል ትርኢት መርጦ የሚያቀርብ ሁሉ ኪውሬተር እየተባለ ይጠራል። ይህ አጠቃቀም መምረጥን ይዞ መንከባከብን ይተዋል።

ለቃሉ ጥንታዊ ትርጉም በጣም የሚቀርበው የአማርኛ ቃል «ባለአደራ» ይመስላል። አደራ የሌላ ሰው ንብረት ነው፤ ተቀባዩ አይለውጠውም፣ አያጎድለውም፣ ሲጠየቅም ይመልሳል። የሙዝየም ስብስብ ጠያቂው ደግሞ ገና ያልተወለደው ተመራማሪ ነው። በመደበኛ የሥራ መደብ «ዐቃቢ» ብንል ወይም «ኪውሬተር» የሚለውን እንዳለ ብንቀበል ችግር የለውም፤ ትርጉሙን ስናስተምር ግን አደራን ልንዘነጋ አይገባም። የመስክ ጉዞ የሚወጣ ተማሪም የቆረጠውን ቅጠል ወይም ያነሣውን ድንጋይ ያገኘበትን ቦታና ቀን ጽፎ ሲያስቀምጥ፣ የዚህ ሙያ የመጀመሪያ ተግባር ላይ ተሰማርቷል ማለት ነው።