የአንድ ቡጢ ዕድሜ፦ ቴከን 8 እና የፒያሳ ጌም ቤቶች

ለመሆኑ አንድ ቡጢ ከተሰነዘረበት ቅጽበት አንሥቶ የተቃራኒው አገጭ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል? ጥያቄው የቦክስ አሠልጣኝ ጥያቄ ይመስላል። በአራዳና በፒያሳ ጌም ቤቶች ላደገ ሰው ግን መልሱ ከብዙ ሽንፈት የተገኘ ዕውቀት ነው። ቴከን በተባለው የፍልሚያ ጨዋታ ፈጣኑ ቡጢ 10 ፍሬም ይወስዳል። ፍሬም ማለት በቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ የሚታይ አንድ ቋሚ ምስል ሲሆን፣ ጨዋታው በአንድ ሰከንድ ውስጥ 60 ምስሎችን እያፈራረቀ ያሳያል። ስለዚህ የአንዱ ምስል ዕድሜ 16.7 ሚሊሰከንድ፣ የፈጣኑ ቡጢ ዕድሜ ደግሞ 167 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው ማለት ነው።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ይህ ርእስ ለሳይንስ መጽሔት የሚመጥን አይደለም ይሉ ይሆናል። እኔ ግን ስለ ጊዜ ልኬት በመጀመሪያ የተከራከርሁት በክፍል ውስጥ ሳይሆን በጌም ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ነበርና ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ቴከን 8 ለሽያጭ የቀረበው በጥር 17 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 2024) ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው ቴከን 7 ለቤት መጫወቻዎች የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ስለነበር፣ ወዳጆቹ ወደ ሰባት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ጠብቀዋል። ተከታታዩን የጀመረው የጃፓኑ ናምኮ ኩባንያ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ቴከን እ.ኤ.አ. በ1994 ወጣ። እኔና እኩዮቼን የማረከን ግን እ.ኤ.አ. በ1998 ለፕሌይስቴሽን የቀረበው ቴከን 3 ነበር።

በዚያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። ጌም ቤት የምንለው አንዲት የጭቃ ቤት ክፍል ነበረች፤ በውስጧ ሦስት ወይም አራት ቴሌቪዥኖች፣ በፊታቸው አግዳሚ ወንበር፣ በበሩ ላይ መጋረጃ። ሕጉ አጭር ነው፦ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ጆይስቲኩንም ለተረኛ ያስረክባል። ከሲኒማ ኢትዮጵያ ብዙም ሳይርቅ በነበረችው ክፍል ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነበር። ወደ ዶሮ ማነቂያ ወረድ ብሎ በነበረችው ደግሞ በቀለም ይታያል፤ ነገር ግን በዚህኛው ቤት «ጌሙ ይጎተታል» የሚል ሐሜት ነበረ። ባለቤቶቹ ይህን ስም ማጥፋት ነው ይሉ ነበር። እኔም ኤዲ ጎርዶ የተባለው ብራዚላዊ የካፖይራ ተጫዋች አረንጓዴና ቢጫ እንደሚለብስ ያወቅሁት ውጭ አገር ለትምህርት ከሄድሁ በኋላ ነው፤ ለእኔ ሁልጊዜ ግራጫ ለባሽ ነበር።

የሁለቱ ቤቶች ልዩነት ምሥጢር በቴሌቪዥን ሥርጭት ደረጃዎች ውስጥ ይገኛል። አገራችን እንደ አብዛኛው አውሮፓ ፓል የተባለውን ደረጃ ትጠቀም ነበር፤ በዚህ ደረጃ መስኮቱ በሰከንድ 50 ጊዜ ይታደሳል። ጃፓንና አሜሪካ የተጠቀሙበት ኤንቲኤስሲ ግን 60 ጊዜ ያህል ያድሳል። የቀለሙንም መረጃ የሚሸከመው ሞገድ ይለያያል፤ በፓል 4.43 ሜጋኸርዝ ሲሆን በኤንቲኤስሲ 3.58 ሜጋኸርዝ ነው። ስለዚህ ለአሜሪካ ወይም ለጃፓን የተዘጋጀ ዲስክ ፓል ብቻ በሚያውቅ ቴሌቪዥን ላይ ሲከፈት፣ ተቀባዩ የብርሃኑን መጠን ያነባል፣ ቀለሙን ግን መፍታት ይሳነዋል፤ ውጤቱም ጥቁርና ነጭ ሥዕል ነው። ለአውሮፓ የተዘጋጀው ዲስክ በበኩሉ ቀለሙን ያሳያል። ሆኖም አዘጋጆቹ ፕሮግራሙን በጥንቃቄ ካላስተካከሉት፣ በ60 ምስል ሊያልቅ የታሰበው እንቅስቃሴ በሰከንድ 50 ምስል ብቻ ይጓዛል፤ ፍጥነቱም በ17 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የዚያ ዘመን ብዙ ጨዋታዎች ሳይስተካከሉ ቀርተዋል። ባልተስተካከለ ጨዋታ ላይ የ10 ፍሬም ቡጢ ከ167 ወደ 200 ሚሊሰከንድ ያድጋል። ሐሜተኞቹ እንግዲህ ዝም ብለው አላወሩም።

ሠላሳ ሦስት ሚሊሰከንድ ምን ለውጥ ያመጣል? እዚህ ላይ ወደ ሰው አካል መግባት ግድ ይላል። እስከ 19ኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ ድረስ በነርቭ ውስጥ የሚያልፈው መልእክት ፍጥነት ሊለካ አይችልም ተብሎ ይታመን ነበር፤ ታላቁ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዮሐንስ ሙለርም የዚሁ አስተያየት ተካፋይ ነበር። ተማሪው የነበረው ኸርማን ሄልምሆልትዝ ግን እ.ኤ.አ. በ1850 የእንቁራሪት ነርቭ ላይ ለክቶ በሰከንድ 30 ሜትር ገደማ ሆኖ አገኘው። የብርሃን ፍጥነት ቀርቶ የድምፅን ፍጥነት እንኳ አሥር እጅ ያንሳል ማለት ነው። ዐይን ብርሃኑን ወደ ነርቭ መልእክት ሲለውጥ፣ አንጎል ሲወስን፣ ጡንቻ ሲኮማተር የሚባክነው ጊዜ ሲደመር፣ አንድ ጤናማ ወጣት ያየውን ነገር በጣቱ ለመመለስ ከ200 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል።

አንባቢ ይህን አሁኑኑ ሊሞክረው ይችላል። ጓደኛዎ የ30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ ከላይ ይዞ ዜሮው በጣቶችዎ መካከል እንዲሆን ያድርግ፤ ከዚያም ሳይነግርዎ ይልቀቀው። የወደቀው ርቀት ከስበት ፍጥንጥነት ግማሽ ሲባዛ በጊዜው ካሬ ስለሆነ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ከያዙት 0.2 ሰከንድ ፈጅቶብዎታል። የቴከንን ፈጣን ቡጢ አይቶ ለመመከት ግን ማስመሪያውን ከ13.7 ሴንቲ ሜትር በፊት መያዝ ያስፈልጋል። ተማሪዎቼ በየዓመቱ ይሞክራሉ፤ ብዙዎቹ ከ15 ሴንቲ ሜትር በታች አይወርዱም፤ ከዚያ በታች የሚይዝ ሲገኝም አብዛኛውን ጊዜ የጓደኛውን ጣት አስቀድሞ ሲሰልል የተገኘ ነው።

ይህ ስለላ ነው የጨዋታው ልብ። ፈጣኑን ቡጢ አይቶ የሚመክት ሰው ስለሌለ፣ የሚመክት ሁሉ የሚመክተው ገምቶ ነው። ወደ 30 ፍሬም የሚጠጉት ዘገምተኛ የእግር ጠረጋዎች ብቻ ለዐይን ይበቃሉ። ለቀረው፣ ባላጋራው ሲደነግጥ ምን እንደሚያደርግ፣ ሁለት ጊዜ ከተመታ በኋላ ይቸኩል ወይም ያፈገፍግ እንደሆነ ማወቅ ያሻል። በአግዳሚው ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን ስንጫወት ትንፋሹን እንሰማ ነበር፤ አውራ ጣቱ ሲጠብቅ ክንዱ ይነግረን ነበር። የሚሺማ ቤተሰብ አባላት የሚሰነዝሩት፣ ቁልፉና አቅጣጫው በዚያው በአንዱ ፍሬም ውስጥ እኩል ካልተጫኑ ከነሙሉ ኃይሉ የማይወጣ የመብረቅ ቡጢ አለ። ያንን ለመማር አንድ ክረምት ሙሉ ከስሬያለሁ፤ ወላጆቼ ገንዘቡ ለደብተር የወጣ ይመስላቸው ነበር።

ለዚህ ሁሉ መሠረቱ አንድ ነገር ነው፦ ሁለቱ ተጫዋቾች አንድ ሰዓት ይጋራሉ። አንዱ ያየውን ሌላው በዚያው ቅጽበት ያያል። ያ ትልቅና ከባድ ቴሌቪዥንም የኤሌክትሮን ጨረሩን መልእክቱ እንደደረሰ ወዲያው በመስታወቱ ላይ ስለሚስል ምንም አያዘገይም ነበር። ዛሬ በየቤቱ ያሉት ስስ ቴሌቪዥኖች ምስሉን አስቀድመው «ሲያሳምሩት» አንዳንዴ በርካታ ፍሬሞች ያባክናሉ፤ ጌም ሞድ የሚባለው ምርጫ የገባው ይህን ማሳመር ለማስቀረት ነው።

ቴከን 8 በበኩሉ ሩቅ ያሉ ሰዎች በኢንተርኔት እንዲጋጠሙ ታስቦ የተሠራ ነው። ጉዳዩ ግን ተፈጥሮ ያስቀመጠችው ድንበር አለበት። ብርሃን በኦፕቲካል ፋይበር መስታወት ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት ያለው ቀጥተኛ ርቀት 5,300 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ መልእክቱ ለመሄድ ብቻ ቢያንስ 27 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ እስከ ቶኪዮ ደግሞ 52 ሚሊሰከንድ፣ ይኸውም ከሦስት ፍሬም በላይ። ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ወደብ የሌላት አገራችን በጎረቤት አገሮች በኩል ነው ከባሕር ሥር ገመዶች ጋር የምትገናኘው፤ አንዱ መንገድ ጅቡቲ ወርዶ በቀይ ባሕር ይዞራል። ቴከን 8 በወጣ በወሩ፣ በየካቲት 2016 ዓ.ም.፣ በቀይ ባሕር ሥር ያሉ በርካታ ገመዶች ተበጥሰው እንደነበር ይታወሳል።

መሐንዲሶች ለዚህ ያገኙት ብልኀት ሮልባክ ይባላል። የባላጋራዎ ትእዛዝ ገና በመንገድ ላይ ሳለ፣ ማሽንዎ ሳይጠብቅ «ቅድም ያደርግ የነበረውን አሁንም እያደረገ ነው» ብሎ ገምቶ ይቀጥላል። ግምቱ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ጨዋታውን ጥቂት ፍሬሞች ወደ ኋላ መልሶ፣ በትክክለኛው ትእዛዝ አስልቶ፣ በአንድ ምስል ዕድሜ ውስጥ ወደ አሁኑ ይመጣል። ድንቅ ሥራ ነው፤ አድናቆቴን አልነፍገውም። ነገር ግን የጠፋውን ጊዜ አይፈጥርም። መልእክቱ ሦስት ፍሬም ከዘገየ የ10 ፍሬሙ ቡጢ ሲታይዎ የሚቀረው ሰባት ብቻ ነው፤ ክንዱ ሲነሣ አያዩትም፣ ግማሽ መንገድ ላይ ድንገት ይከሠታል።

ታዲያ ከዓለም የውድድር መንደር ርቆ የሚኖር ወጣት ምን ተስፋ አለው? የፓኪስታኑን የላሆር ልጅ አርስላን አሽን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2019 በጃፓንና በላስ ቬጋስ የተካሄዱትን ሁለቱንም የኢቮ ውድድሮች በቴከን 7 አሸነፈ፤ በ2024ም በቴከን 8 ደገመው። በአገሩ እርሱን የሚስተካከሉ ሌሎችም እንዳሉ ሲናገር፣ ኒ በሚል የጨዋታ ስም የሚታወቀው ዝነኛው ደቡብ ኮሪያዊ በዚያው በ2019 ወደ ፓኪስታን ተጉዞ፣ ዓለም ስማቸውን ከማያውቃቸው ልጆች እጅ ሽንፈት ቀመሰ። እነዚህ ልጆች ያደጉት በፈጣን መስመር አልነበረም፤ በየሰፈሩ ባሉ ጠባብ የመጫወቻ ክፍሎች፣ ጎን ለጎን ቆመው ነው።

የፒያሳ ክፍሎች ግን በዚያው ሰሞን ነበር የፈረሱት። በየካቲትና በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ሥራ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ ሰፊ ክፍል ተነሣ፤ ብዙ ነዋሪዎችም ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ሄዱ። ቤቶቹ ያረጁ ነበሩ፣ ብዙዎቹም ለኑሮ የማይመቹ፤ ይህን የማያውቅ የፒያሳ ልጅ የለም። ጌም ቤት ግን በካርታ ላይ ስለማይጻፍ፣ ስንቶቹ እንደጠፉ ቆጥሮ የሚነግረን አይኖርም። ከተረፉትም መካከል ፕሌይስቴሽን 4 ያላቸው አዲሱን ጨዋታ ሊያመጡት አይችሉም፤ ቴከን 8 በዚያ ማሽን ላይ አይሠራም። በዚያው በመጋቢት ወር መጨረሻ ኤዲ ጎርዶ ተጨማሪ ተፋላሚ ሆኖ ወደ ቴከን 8 ተመለሰ።

የልጅነት ባልንጀራዬ ያን ጊዜ ከዶሮ ማነቂያ ተነሥቶ በከተማዋ ዳር ወደሚገኝ ኮንዶሚኒየም ገብቷል። እኔም ውሎ አድሮ የቴከን 8 ባለቤት ሆኛለሁ፤ ልጁም እንዲሁ። «በኢንተርኔት እንጋጠም» አልሁት። በመካከላችን ያለው ርቀት ከ20 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ብርሃን ይህን በ0.1 ሚሊሰከንድ ይጨርሰዋል። ሆኖም ስልኩ ከአንቴናው ተራ እስኪያገኝ፣ መልእክቱ በየማዞሪያው ሲሰለፍ፣ የዋይፋዩ ሞገድ ከጎረቤት ዋይፋይ ጋር ሲጋጭ፣ የብርሃን ድርሻ ከቁጥር የማይገባ ሆነ። የእርሱ ኤዲ በእጁ ቆሞ እግሩን ሲያሽከረክር አየሁና መከትሁ፤ መስኮቱ አንዴ ተንቀጠቀጠ፣ ቀድሞ መትቶኝ ኖሯል። «መትቼሃለሁ» ይላል በስልክ፤ «መክቻለሁ» እላለሁ። ሁለታችንም እውነት ተናግረናል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጆይስቲኩን በፌስታል ይዞ፣ ሁለት ታክሲ ቀይሮ፣ በአንድ ሰዓት ተኩል እኔ ዘንድ ደረሰ። ሃምሳ ሚሊሰከንድ ለማስቀረት መሆኑ ነው። ሶፋው ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጥን። ኤዲን መረጠ፤ አረንጓዴና ቢጫ ለብሷል። አሥራ አንድ ጊዜ ተጋጠምን፣ ሰባቱን አሸነፈኝ፤ የመመለሻውን ታክሲ እኔ ከፈልሁ።