ከመዋጮው ጀርባ፦ የዳውን ሲንድረም ድርጅቶችን በእውቀታቸው የሚያግዙ በጎ ፈቃደኞች

መጋቢት 12 የዓለም የዳውን ሲንድረም ቀን ነው። ቀኑ በዘፈቀደ አልተመረጠም። በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሦስተኛው ወር 21ኛ ቀን ሲሆን፣ ዳውን ሲንድረም የሚከሰተውም 21ኛው ክሮሞሶም ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት ሲሆን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቀኑን ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያከብረዋል።

እንዲህ ያለ ቀን ሲደርስ በግቢያችን ቶሎ የሚነሳው ጥያቄ «ስንት እናዋጣ?» የሚል ነው። ጥያቄው መልካም ነው። እኛ ግን ዛሬ ከእሱ ቀጥሎ ስለሚመጣው ጥያቄ ልናወጋችሁ ወደድን፦ የተዋጣው ገንዘብ በምን ላይ እንደሚውል የሚወስነው ማን ነው? የሚወስነውስ በምን እውቀት ነው?

ስለ ሁኔታው በአጭሩ

ዳውን ሲንድረም በሽታ አይደለም፤ አይተላለፍም፤ በመድኃኒትም አይጠፋም። ከፅንስ ጀምሮ ያለ የዘረመል ሁኔታ ነው። በዓለም ላይ ከ1,000 እስከ 1,100 ከሚሆኑ በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንዱ አብሮት ይወለዳል ተብሎ ይገመታል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ላንግደን ዳውን ሁኔታውን በ1866 ዘርዝሮ ጻፈ፤ ምክንያቱ ትርፍ ክሮሞሶም መሆኑ ግን በፈረንሳይ ተመራማሪዎች ይፋ የሆነው በ1959 ነው።

በየሰፈሩ የሚወራው እርግማን፣ ቡዳ ወይም የእናት ጥፋት የሚባለው ነገር መሠረት የለውም። የእናት ዕድሜ ሲገፋ አጋጣሚው ከፍ ይላል፤ ሆኖም ብዙ የሚወልዱት ወጣት እናቶች ስለሆኑ፣ አብዛኞቹ ልጆች የሚወለዱት ከወጣት እናቶች ነው። ይህን ለአንዲት እናት በትክክል የሚያስረዳት ሰው መኖሩ ብቻ ልጇን ከመደበቅ ወደ ማሳደግ ሊያሻግራት ይችላል።

ቅን ልብ ብቻውን ለምን አይበቃም?

ከዳውን ሲንድረም ጋር ከሚወለዱት ልጆች ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር አብሯቸው ይወለዳል። አንዳንዱ ክፍተት በውጭ አይታይም፤ ልጁ ደህና ይመስላል። ነገር ግን ከባድ የሆነው ዓይነት በጊዜው ካልተጠገነ የሳንባ ደም ሥሮችን ይጎዳል፤ ጉዳቱ ከገፋ በኋላ ቀዶ ሕክምናው ራሱ የማይቻል ይሆናል። ስለዚህ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ መመሪያ እያንዳንዱ ሕፃን የልብ አልትራሳውንድ እንዲታይ ይመክራል፤ ምልክት እስኪመጣ አይጠበቅም።

አሁን አንድ ድርጅት በቅን ልብ ለልጆች ልብስና መጫወቻ ገዛ እንበል። የሕፃናት ልብ ሐኪም ከአጠገቡ ቢኖር «መጀመሪያ ለምርመራው ትራንስፖርት ክፈሉ፤ ልብሱ ይደርሳል» ይለው ነበር። በአገራችን ይህ ምክር ክብደቱ ይጨምራል። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ለዓመታት ከውጭ በሚመጡ በጎ ፈቃደኛ የቀዶ ሕክምና ቡድኖች ሲታገዝ የኖረ ነው፤ ወረፋውም ረጅም ነው። ዘግይቶ የተመዘገበ ልጅ ወረፋው ሳይደርሰው ጊዜው ሊያልፍበት ይችላል።

ሌላው ምክንያት ምክር ራሱ የሚለወጥ መሆኑ ነው። የአንገት አጥንት መላላት በእነዚህ ልጆች ላይ ስለሚታይ፣ ቀደም ሲል ምልክት የሌለውም ልጅ ራጅ እንዲነሳ ይመከር ነበር። ከ2011 ወዲህ ያለው የአካዳሚው መመሪያ ግን ምልክት ለሌለው ልጅ ይህን አይመክርም፤ ይልቁንም ወላጆች የአካሄድ ለውጥን፣ የአንገት ሕመምንና የእጅ መድከምን እንዲከታተሉ ያሳስባል። ጽሑፎቹን የሚከታተል ባለሙያ የሌለው ድርጅት በአሮጌው ምክር ገንዘብ ያጠፋል፤ አለዚያም ልጆቹን ያለ አግባብ ከጨዋታ ያግዳል።

ቦርድና አማካሪ ኮሚቴ

ባለሙያዎች በእንዲህ ያለ ድርጅት ውስጥ በጎ ፈቃድ የሚሰጡት በሁለት ወንበር ነው። ሁለቱን መለየት ይጠቅማል።

አንደኛው የሥራ አመራር ቦርድ ነው። ቦርዱ ይወስናል፣ ይቆጣጠራል፣ በሕግም ይጠየቃል። በአገራችን የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ቦርድ መር በሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት የበላዩ አካል ቦርዱ ነው። ይኸው አዋጅ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ስለዚህ ቦርዱ ውስጥ ሒሳብ የሚያነብና ሕግ የሚያውቅ ሰው መኖሩ ትርፍ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው አማካሪ ኮሚቴ ነው። ይህ አይወስንም፤ ይመክራል። የሕፃናት ሐኪም፣ የዘረመል ባለሙያ፣ የንግግር ሕክምና ባለሙያ፣ ፊዚዮቴራፒስት፣ የልዩ ፍላጎት መምህር፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሊገኙበት ይችላሉ። ሥራቸው ለቤተሰብ የሚሰጠውን ጽሑፍ ማረም፣ ሠራተኛ ማሠልጠን፣ «ይህ መድኃኒት ያድናል» እያለ የሚመጣን ነጋዴ መመለስ፣ ቦርዱ ሲጠይቅም በማስረጃ መመለስ ነው።

ሁለት ምሳሌዎች

በእንግሊዝ አገር ሬክስ ብሪንክወርዝ የተባለ መምህር ዳውን ሲንድረም ያላት ልጅ ነበረችው። የሙያ እውቀቱን ተጠቅሞ ልጆቹ ገና በሕፃንነታቸው ቢሠለጥኑ ብዙ ሊማሩ እንደሚችሉ ማስተማር ጀመረ፤ በ1970 በበርሚንግሃም የመሠረተው ማኅበር ዛሬ የአገሪቱ የዳውን ሲንድረም ማኅበር ለሆነው መነሻ ሆነ። እዚህ ላይ አባትነትና ሙያ በአንድ ሰው ተገናኙ።

ሁለተኛው ከአሜሪካ ነው። በዚያች አገር ዳውን ሲንድረም ያለበት ሰው አማካይ ዕድሜ በ1980ዎቹ መጀመሪያ 25 ዓመት ገደማ ነበር፤ አሁን 60 አካባቢ ደርሷል። ልጆቹ አደጉ፤ ለአዋቂዎቹ የሚሆን በማስረጃ የተደገፈ የሕክምና መመሪያ ግን አልነበረም። ግሎባል ዳውን ሲንድረም ፋውንዴሽን የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሐኪሞችንና ተመራማሪዎችን አሰባስቦ ያሉትን ጥናቶች አስመረመረ፤ ውጤቱም በ2020 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በ14 ምክሮች ታተመ። ከምክሮቹ አንዱ ከ40 ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ የማስታወስ ችሎታና የባሕርይ ለውጥ እንዲታይ ነው፤ ምክንያቱም አልዛይመር በእነዚህ ሰዎች ላይ ቀድሞ ይመጣል። መመሪያው ከዚያ ዕድሜ በፊት የሚታይ ለውጥ ግን በችኮላ «አልዛይመር ነው» እንዳይባል ያስጠነቅቃል። የታይሮይድ መድከም ወይም ድባቴ ሊሆን ይችላልና፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ።

ባለሙያም ልክ አለው

እውቀት ያለው ሁሉ ጥሩ አማካሪ አይሆንም። የራሱ ክሊኒክ ያለው ሐኪም ድርጅቱ ልጆችን ወዴት ይላክ በሚለው ውሳኔ ላይ ጥቅሙን አስቀድሞ ማሳወቅና ከውሳኔው መውጣት አለበት። ስሙን ለደብዳቤ ራስጌ ብቻ የሰጠ ፕሮፌሰር ስብሰባ ከማይቀር ጀማሪ ነርስ አይበልጥም። ጥሩ ድርጅቶች የአገልግሎት ዘመኑን፣ የስብሰባውን ብዛትና የሚጠበቀውን ሥራ በጽሑፍ ያኖራሉ፤ የልጆቹን የጤና መረጃም በሚስጥር ይይዛሉ። አማና ማለት እዚህ ጋ በተግባር ይታያል።

ከሁሉ በላይ የጉዳዩ ባለቤቶች አሉ። ዳውን ሲንድረም ያላቸው ወጣቶችና ወላጆቻቸው በወንበሩ ላይ ካልተቀመጡ፣ ባለሙያው የሚያውቀው ስለ ክሮሞሶሙ እንጂ ስለ ታክሲው ረዳት ፊት፣ ስለ ትምህርት ቤቱ በር፣ ስለ ሠርግ ቤት ሹክሹክታ አይሆንም። ስያሜም ቢሆን ትምህርት ነው፦ በ1961 ሳይንቲስቶች ተሰባስበው በላንሴት መጽሔት የድሮው «ሞንጎላዊ» የሚል መጠሪያ እንዲቀር ጠየቁ፤ የሞንጎሊያ መንግሥትም ተቃውሞውን አቀረበ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ስሙን ተወው። እኛም «ጅል» እና «ዘገምተኛ» የሚሉትን ትተን ሰውየውን በስሙ እንጥራው።

እኛ ተማሪዎችስ?

ገና ባለሙያ አይደለንም፤ ስለዚህ ምክር ለመስጠት አንቸኩል። ነገር ግን የምንችለው አለ። የሒሳብ ተማሪ በመምህር ክትትል መዝገብ ማደራጀት ይችላል። አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ ወይም ስልጢኛ የሚችል ሰው ሐኪም ያረመውን ጽሑፍ ለእናቶች ሊተረጉም ይችላል። የኮምፒውተር ተማሪ የቀጠሮ ማስታወሻ ሊሠራ ይችላል። የሕክምና ተማሪ መምህሩን «በዓመት አራት ቀን ይስጡን» ብሎ ሊለምን ይችላል፤ ይህ ከብዙ ብር መዋጮ ሊበልጥ ይችላል።

ጀመዓችን አንድን ድርጅት ለመርዳት ሲነሳም አራት ነገር እንጠይቅ፦ አማካሪዎቻችሁ እነማን ናቸው? መጨረሻ የተሰበሰቡት መቼ ነው? ከምክራቸው የተነሳ ምን ለወጣችሁ? በመካከላችሁ ወላጅና ዳውን ሲንድረም ያለው ሰው አለ? መልሱን በደስታ የሚነግረን ድርጅት መዋጯችን የሚገባው ነው። የሚያመነታ ካለ አንሽሸው፤ ምናልባት የጎደለው ከእኛ መምህራን መካከል የሚገኝ አንድ ሰው ይሆናል። ያንን ሰው ፈልገን እናገናኛቸው፤ ኢንሻአላህ።