ሽሮ ሜዳ ላይ ያበደው መጋዝ አዳማ ላይ ለምን ሞተ?

ጉለሌ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ሰው የሚቀሰቅሰው የአውራ ዶሮ ጩኸት ብቻ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። የሞተር መጋዝ አለላችሁ! ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ መጥቶ ማገዶ ያለቀባትን አዲስ አበባን አዳነ። ዛሬ ደግሞ በየግቢው ቤት ላይ እየዘመመ ለባለ መጋዞች እንጀራ ሆኗል።

ሥራው የሚከፈለው በዛፍ ነውና የፈጠነ ይበላል። «ሞተሩን ማሳበድ» የሚባለው ጨዋታም የሚመጣው ከዚህ ነው። ማርሚታውን መክፈት፣ የሲሊንደሩን መስኮቶች በሞረድ ማስፋት፣ ከሥር ያለውን ጓርኒሲዮን አውጥቶ ግፊቱን መጨመር… በአሜሪካና በአውሮፓ ይህንኑ ሠርተው የሚኖሩ ባለሙያዎች ስላሉ ነገሩ ተረት አይደለም።

አንድ የሽሮ ሜዳ ልጅ (ስሙ ይቆየን) በብድር የገዛውን መጋዝ አሳበደና ግንዱን እንደ ጎመን ይከትፈው ጀመር። ከዚያ ሥራ ተገኘና አዳማ ወረደ። ሁለተኛው ዛፍ ላይ መጋዙ ቀጥ! ገመዱ አልሳብ አለ። ሲፈታ ፒስቶኑ ተቦጫጭሯል፣ ፋሻው ተጣብቋል። ብድሩ ግን አለ።

ለመሆኑ ምን ነካው? ምሥጢሩ አየር ነው። ሽሮ ሜዳ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ሞተሩም በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል። ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበታል፤ ያጨሳል፣ ይሰንፋል። ሜካኒኩ የካርቡራተሩን «ኤች» የምትባል ቡሎን ወደ ቀኝ አጠበቀና ቤንዚኑን ቀነሰ። መጋዙ ነቃ! አዳማ ግን ወደ 900 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። አየሩ ወፍራም፣ ቤንዚኑ ያው የተቀነሰው። በዚያ ላይ የተከፈተው ማርሚታ ቤንዚኑን ይበልጥ ያሳንሳል። የዚህ ሞተር ዘይት ደግሞ ከቤንዚኑ ጋር ነው የሚገባው። ቤንዚን ሲያንስ ዘይትም ያንሳል ማለት ነው። ሙቀት በዛ፣ ዘይት አነሰ፤ ፒስቶኑ ነከሰ።

«እና አትንኩ ነው የምትሉን?» ኧረ ንኩ! ግን መጀመሪያ ሰንሰለቱን ሞርዱ። መጋዙ ቅርፊት ቅርፊት ሳይሆን ዱቄት የሚተፋ ከሆነ ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም። ፊልትሮውን እጠቡ። ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ጥሩ የባለ ሁለት ምት ዘይት አስገቡ፤ መመሪያው ሌላ ካለ እሱን ስሙ። የመኪና ዘይት? በፍጹም!

ሞተሩን ካወረዳችሁ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ። የመጋዝ ሲሊንደር አሉሚኒየም ነው፤ ውስጡ በስስ ኒኬል ወይም ክሮም ተለብጧል። እንደ መኪና ሬቲፊካ ላስገባው ማለት ዘበት ነው። መስኮቱን ስትሞርዱ ልባጡ ከጠርዙ ከተነሳ ፋሻውን ይበላዋል። ጓርኒሲዮኑን ለማውጣት ያማራችሁ እንደሆነ፣ የሬዲዮ ጠጋኞች የሚበይዱበትን ለስላሳ ሽቦ በካንዴላው ቀዳዳ እስከ ሲሊንደሩ ግድግዳ አስገቡና ሞተሩን በእጅ አዙሩት። የተጨፈለቀው ሽቦ ውፍረት፣ የጓርኒሲዮኑ ውፍረት ተቀንሶለት፣ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ካነሰ ተዉት። ፒስቶኑ ጣሪያውን ይመታል።

የሰንሰለቱን ፍሬን ደግሞ ማንም ጎበዝ ነኝ ባይ እንዳይነካባችሁ! የፈጠነ ሰንሰለት ወደ ፊታችሁ ሲፈነጠር ከአንገታችሁ የሚለያችሁ እሱ ነው።

እንደ ስቲል ኤም ትሮኒክና ሁስክቫርና አውቶ ቱን ያሉት አዳዲሶቹ ቤንዚናቸውን ራሳቸው ይመጥናሉ። የቀረነው ግን ቆላ ስንወርድ ካቻቢቴ በኪስ ነው። ሥራ ሳይጀመር «ኤች»ን አንድ ስምንተኛ ዙር ወደ ግራ ፍቱ፤ ሞተሩን አሙቁና ሳትቆርጡ ለአፍታ ሙሉ ነዳጅ ስጡት። ድምፁ እየተንተባተበ ከጮኸ፣ እንጨት ሲነክስ ደግሞ ከጠራ ደህና ነው። ሳይቆርጥ እንደ ትንኝ ጥርት ብሎ ካፏጨ ቤንዚን አንሶታል፤ ጥቂት ጨምሩለት። ከመጀመሪያው ዛፍ በኋላ ካንዴላውን ፍቱና እዩ። ቡናማ ከሆነ ቀጥሉ፤ ነጭ ከሆነ ሞተሩን አጥፍታችሁ ካቻቢቴውን አውጡ።