ከጽኑ ሕሙማን ራስጌ የሚቆሙት

በግንደበረት ወረዳ ከተማ በካቺሲ ሆስፒታል አለ። ሕመሙ የበረታበት ሰው ግን አንዳንድ ጊዜ ወደ አምቦ ወይም ወደ አዲስ አበባ መወሰድ ግድ ይሆንበታል። ቤተ ዘመድም የሚጨነቀው ለመንገዱ ነው። እኛ ዛሬ ለአንባቢያችን ልናወሳ የፈለግነው ግን በመንገዱ መጨረሻ፣ ከአልጋው ራስጌ ስለሚቆመው ነርስ ነው።

የጽኑ ሕሙማን ክፍል የተጀመረው በሰው ክንድ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1952 በኮፐንሃገን የፖሊዮ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ የመተንፈሻ መኪና ስላልበቃ፣ ዶክተር ብዮርን ኢብሰን ባመለከቱት ዘዴ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ተማሪዎች ሌት ተቀን እየተፈራረቁ የአየሩን ከረጢት በእጃቸው ይጨምቁ ነበር። ዛሬ ያንን ድካም መኪና ተረክቦታል። ይሁን እንጂ የበሽተኛውን ትንፋሽና ሽንት በየሰዓቱ መመዝገብ፣ አክታውን በቱቦ መሳብ፣ ጀርባው እንዳይቆስል ማገላበጥ፣ ደወሉ በጮኸ ቁጥር መሮጥ የነርሱ ፈንታ ነው። በበሩ ደግሞ እናት ቆማ «ልጄ እንዴት አደረልኝ?» ትላለች። ምን ይመለስላታል?

እንዲህ ያለው ሥራ ደስታ የለውም ማለታችን አይደለም። በቃሬዛ የገባው በእግሩ ሲወጣ ማየትን የመሰለ ደመወዝ በየትኛው መሥሪያ ቤት ይገኛል? ነገር ግን ደስታው ድካሙን አያስቀረውም። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቡና ሊቅ ክርስቲና ማስላክ እንዳስረዱት፣ በሥራ የዛለ ሰው ኃይሉ ይሟጠጣል፤ በሽተኛው ሰው መሆኑ ቀርቶ የአልጋ ቁጥር ይሆንበታል፤ በመጨረሻም የሠራው ሁሉ ከንቱ ይመስለዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በግንቦት 2011 ዓ.ም. ይህ ዝለት በሥራ ቦታ መላ ካልተበጀለት ጭንቀት የሚመጣ መሆኑን ገለጠ፤ በሽታ ብሎ ግን አልሰየመውም። ለእኛ ቁም ነገሩ ይህ ነው። ነርሱ የዛለው ሥራው ስለ ተደራረበበት ከሆነ፣ መድኃኒቱ የሚገኘው የተረኝነት ሰሌዳ ከሚወጣበት ጠረጴዛ ነው።

በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አንሥተው በልዩ ልዩ ሆስፒታሎች ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ነበር። ስለ ደመወዙ ብዙ ተብሏልና እኛ አንደግመውም።

በየጤና ቢሮው ወንበር የምትቀመጡ ወጣቶች ግን አንድ ሌሊት ከክፍሉ ብታድሩ መልካም ነበር። የመተንፈሻ መኪና ለተገጠመለት በሽተኛ በአንዳንድ የሠለጠኑ አገሮች አንድ ነርስ ለብቻው እንዲመደብ ይደረጋል። ሦስትና አራት ሲሆኑበት ግን የአንዱ ደወል ሲጮኽ ሌላው መጠበቁ አይቀርም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አንዱ ቢያርፍ፣ ዐይኑን የከደነለት ነርስ ያንኑ አልጋ አጽድቶ የሚቀጥለውን ይቀበላል። ሩብ ሰዓት ተቀምጦ ሻይ እንዲጠጣ የሚተካው ሰው ብዙ ጊዜ በሰሌዳው ላይ አልተጻፈም።